ከመሪው በስተግራ

በሽተኛ መጠየቅ በእኛ አገር ጽድቅ ነው፤ እኔን ግን ግማሽ ሰው አድርጎ ያቆየኝ እሱ ነው። ከሆስፒታል ወጥቼ ደብረ ታቦር ቤቴ የተኛሁ ሰሞን ደጃችን ሰው አይለየውም ነበር። የእናቴ ዘመዶች ከእብናት ድረስ ዶሮና እንቁላል ይዘው ይመጣሉ፤ ጎረቤት ጠዋት ጠይቆ ማታ ይደግማል። መጥቶ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ትሪ ሲቀርብ ከብቦኝ ይበላል፣ ያጎርሰኛል። የአንዱን ሳልውጥ ሌላው እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል፤ "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ" እየተባልኩ እንደ ሙክት ተቀለብኩ። ያን ሁሉ ጊዜ የትሪውን ግማሽ እንደማላየው አንድም ሰው አላወቀም። እኔም አላወቅኩም።

ሥራዬ ሾፌርነት ነበር። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር በሚኒባስ እመላለሳለሁ። መኪናዋ የእኔና የባለቤቴ ናት፤ አብዛኛው ባለቤቴ ዓረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችው ነው፣ "አንተ ያዋጣኸው ምላስህን ነው" ትለኛለች። አልዋሸችም። አንደበቴ ክፉ ነው፤ መንገዱን ግን ከነጉድጓዱ በቃሌ አውቀዋለሁ። የሐሙሲት ገበያ ቀን ሰው በሰው ላይ ደርቤ፣ ዶሮውን ከወንበር ሥር፣ ጆንያውን ከጣሪያ ላይ አድርጌ ስሄድ የሚያጉረመርም ተሳፋሪ አይጠፋም። "ካልተመቸህ እግር አለህ" እለዋለሁ። መኪናው በሙሉ ይስቅበታል፤ ሰውየውም ዞሮ ዞሮ በሌላ ቀን እኔኑ ፈልጎ ይሳፈራል።

አንድ ጠዋት መናኸሪያ ውስጥ ሞልቶልኝ ልነሳ ስል ግራ እጄ ከመሪው ላይ ወደቀ። አንስቼ ልመልሰው ብል እጁ የእኔ አልመስል አለኝ። አፌ ተጣመመ። ተሳፋሪው "ገና በጠዋቱ ጠጥቷል" ብሎ ተነጫነጨ። ረዳቴ ጎትቶ ሲያወርደኝ መሬት ላይ ተጋድሜ ያየሁት የተሳፋሪዎቼን ጫማ ነው፤ እየተሻገሩኝ ወርደው ወደሚቀጥለው ሚኒባስ ሄዱ። አንዲት ሴትዮ ብቻ ቆም ብላ ፀሐይ እንዳይመታኝ ፊቴን በነጠላዋ ጫፍ ጋረደችልኝ፤ ከዚያ ረዳቱ ሒሳቧን ሲመልስላት እሷም ሄደች።

ሐኪሞቹ በጭንቅላቴ ቀኝ በኩል የደም ሥር ተዘግቷል፣ ስትሮክ ነው አሉ። እናቴ መጋኛ ነው አለች። ሆስፒታሉ መድኃኒት ሰጠኝ፣ እናቴ ጠበል አስጠመቀችኝ፤ እግሬም እጄም ቀስ በቀስ ተመለሱ። ማን እንዳዳነኝ እነሱ ይከራከሩ፤ እኔ ሁለቱንም አመሰገንኩ። በግ ታረደ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ ጎረቤቱ "እንኳን ማረህ" ብሎ በልቶ ጠጥቶ ሄደ። በማግስቱ መኪናዬን መልሱልኝ አልኩ። ያን ጊዜ የሚሠራባት አንድ የመናኸሪያ ጓደኛዬ ነበር፤ ባለቤቴ ግን "ትንሽ ቆይ" አለችኝ።

ባለቤቴ ስሙን የማታውቀው ነገር አይታ ነበር። ጺሜን ስላጭ የቀኝ ጉንጬን ብቻ ላጭቼ እወጣለሁ። በር ሳልፍ ግራ ትከሻዬ ከመቃኑ ጋር ይላተማል፤ "ይህን በር ማን አጠበበው?" እያልኩ የሞተውን አናጢ እረግማለሁ። አንድ እሑድ በግማሽ ጺም ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከሰው ሁሉ ጋር ተሳስሜ ተመለስኩ። ማንም ምንም አላለኝም። ይሉኝታ ነው፤ የታመመ ሰው አይታረምም። ከኋላዬ ግን ስቀውብኛል፤ ያኔ አራተኛ ክፍል የነበረችው አንድ ልጃችን ሰምታ እያለቀሰች ለእናቷ ባትነግራት ኖሮ እንደዚያው እንደ ተላጨሁ እኖር ነበር። ዓይን ለራሱ ባዳ ነው ይባላል። የእኔ ደግሞ ለግራ ጎኔም ጭምር ባዳ ሆኖ ነበር።

መንጃ ፈቃዴ የሚታደስበት ጊዜ ደርሶ ለጤና ምርመራ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ የግድግዳውን ፊደል እያመለከተ አስነበበኝ፤ አነበብኩ። እጅህን አንሳ አለኝ፤ አነሳሁ። በአንድ እግርህ ቁም አለኝ፤ ቆምኩ። ሊፈርምልኝ እስክሪብቶ ሲያነሳ ባለቤቴ "ጺሙን እንዴት እንደሚላጭ ይጠይቁት" አለች። ሐኪሙ ሳቀ። እሷ እንዳልሳቀች ሲያይ ሳቁን ዋጠና ወደ ሌላ ክፍል ላከን። በኮሪደሩ ላይ ምን እንዳልኳት አልጽፈውም።

የተላክንበት ክፍል ሆስፒታል አይመስልም። ድስት አለ፣ ባልዲ አለ፣ የበር ቁልፍ አለ፣ አዝራሩ እየተፈታ የሚቆለፍ ሸሚዝ ተሰቅሏል። በዚያ ሁሉ ኮተት መሃል አንዲት ቀጭን ልጅ ተቀምጣለች፤ ንግግሯ የአዲስ አበባ ነው። "ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ነኝ" አለችን። ባለቤቴ ልትደግመው ሞክራ ተወችው። ልጅቷ በአማርኛ ስታስረዳን፣ ሥራዋ በሽተኛው ቀድሞ ይሠራው የነበረውን ነገር እንደገና እንዲሠራ ማለማመድ ነው፤ ልብስ መልበስ፣ ወጥ መሥራት፣ ማረስ፣ መኪና መንዳት። "መንዳት" ስትል ወደድኳት። ፍቅሬ ግን ከሽምብራው አላለፈም።

ሰፊ ትሪ ላይ ሽምብራ በተነችና "ሁሉንም ይልቀሙልኝ" አለች። አርባ ዓመት ያለፈኝ ሰው፣ የሰው ነፍስ ጭኜ የምሄድ ሰው፣ እንደ ዶሮ ለቀምኩ። ጨረስኩ አልኩ። ባለቤቴን ዞር ብዬ ሳያት አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ልጅቷ መጥታ ጭንቅላቴን በሁለት እጇ ያዘችና ቀስ አድርጋ ወደ ግራ አዞረችው። የትሪው ግማሽ ሽምብራው እንደተበተነ ነው።

"አሁን ነው የጨመርሽው" አልኳት።

"አልጨመርኩም። ዓይንዎ ደህና ነው፣ ያያል። ጭንቅላትዎ ነው ግራውን የተወው። ደግሞ ትቼዋለሁ ብሎ አይነግርዎትም።"

"ሽምብራ ነው እንጂ ሰው አይደለም" አልኩ። "ሰው ቢሆን አየው ነበር።"

ሽምብራውን ሰብስባ እንደገና በተነችው። እኔ ግን ይህችን አባባል ከዚያ በኋላ ለወራት እንደ ዳዊት ደገምኳት። ግራ የገባው ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ግራው ጥሎት የወጣ ግን ከእኔ ሌላ አልሰማሁም። እናቴ ወሬውን ስትሰማ ልጅቷን "የሽምብራዋ ሐኪም" አለቻት፤ ስሙም ጸናባት።

እዚያ ክፍል ከእኔ ጋር የሚመላለስ አንድ የባጃጅ ሾፌር ነበር። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። አግዳሚው ላይ ተራ ስንጠብቅ እግሮቼን፣ እጆቼን፣ ፊቴን ሲመረምር ቆየና "አንተ ምንህ ጎደለ?" አለኝ።

"ምንም" አልኩት።

"እንግዲያ ከእኔ የባስክ ነህ" አለ፤ ሳቀ። ቀልዱን ነው፤ እኔ ግን ያን ቀን በጥፊ ብመታው ደስ ባለኝ።

የባጃጅ ፍሬን የሚረገጠው በቀኝ እግር ነው። ልጅቷ ከሰውየው ጋር ብየዳ ቤት ድረስ ሄዳ መርገጫውን ወደ ግራ አስዞረችለት። ሰው ሠራሽ እግሩን አጥልቆ ባጃጁ ላይ መውጣትና መውረድ አስለመደችው። ከሁሉ የከፋው ድንጋጤው ነበር፤ የሆነ ነገር ድንገት ሲገባበት የሌለው እግሩ ፍሬን ፍለጋ ይሄዳል። ግቢው ውስጥ ሲለማመድ ከፊቱ ባልዲ እየወረወረች፣ ግራ እግሩ ራሱ እስኪማር ድረስ አላሳረፈችውም። ሲናደድ ትጠብቀዋለች፣ ሲጨርስ ባልዲውን መልሳ ታነሳለች። አስፓልት የወጣ ቀን ነርሶቹ ሳይቀሩ እልል አሉለት። እኔም አጨበጨብኩ። እግሩን የቀበረ ሰው እየነዳ፣ እኔ ሁለት እግር ይዤ ሽምብራ እለቅማለሁ። ይገለበጥ ብዬ ተመኘሁለት። አልተገለበጠም፤ እስከ ዛሬም ይሠራል።

አንድ ቀን ልጅቷ ቤታችን ድረስ መጣች። ብሉ፣ እኔ እንደሌለሁ ቁጠሩት አለችና ጥግ ይዛ ተቀመጠች። እናቴ በግራዬ፣ ባለቤቴ ከፊቴ፣ ልጄ በቀኜ ሆነን እንደ ወትሮው በላን። ስንጨርስ ልጅቷ ነገሩን የሸሸገው ትሪው ነው አለች። ከአንድ ትሪ ሲበላ ሁሉም በፊቱ ያለውን ይበላል፤ በእኔ በግራ በኩል ያለውን እናቴ ታነሳዋለች፤ የጎደለብኝን ደግሞ ጉርሻው ይሞላዋል። እንዲህ እያለ ዓመትም ቢሆን ማንም አያውቅም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ለብቻው ይብላ፣ ማንም አያጉርሰው፣ በእጁ ማግኘት የሚችለውን ማንም አያቀብለው አለች።

እናቴ ተነስታ ቆመች። ማዕድ መለየት በእኛ ዘንድ ለተጣሉት ሰው ነው፣ ወይም ለሚፈሩት በሽታ።

"ልጄን እንደ ውሻ ለብቻው ልታበሉት ነው?" አለች።

"አዎ እማማ፣ ለብቻው" አለች ልጅቷ። ጨክና ነው እንጂ ማባበል ሳታውቅ ቀርታ አይመስለኝም።

ባለቤቴ የተባለችውን አደረገች። የጾም ቀን ነበር። እንጀራ ዘርግታ፣ ሽሮና ጎመን ጎን ለጎን አውጥታ ብቻዬን አስቀመጠችኝና ራቅ ብላ ቆመች። እናቴ ጓዳ ገብታ ተንሰቀሰቀች። በላሁ። ሽሮ ብቻ ነው። ትሪው ባዶ ሆነ፣ እኔ ገና አልጠገብኩም። በዚህ ቤት እንጀራ ጠፋ ወይ፣ ጎመን ሲሠራ ሸትቶኝ አልነበረም ወይ ብዬ ጮህኩባት። ባለቤቴ መጣችና ትሪውን አዞረችው። ጎመኑ መጣ። እንጀራውም ከነጠርዙ መጣ። እጄን ሰድጄ ነካሁት፤ አለ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ከጉልበቴ አጠገብ ነበር። ታምሜ መሬት ላይ ስወድቅ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም።

መፍራት ግን ማመን አይደለም። ከአፌ የወጣው "ጎመን ነው እንጂ ሰው አይደለም" የሚል ነበር። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝና ትሪውን አንስታ ሄደች።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ እናቴ ለመንገር አልሰነፈችም። ሴቶቹ "ዓረብ አገር ልቧን አድርቆት መጣ፣ ባሏን በረሃብ ልትገድለው ነው" አሉ። ጠያቂው ሁሉ ጉርሻ ሲከለከል ተቀይሞ ቀረ፤ አንዳንዱም ባለቤቴ ስታልፍ ሰላምታ ይነፍጋት ጀመር። እሷ ለማንም አላስረዳችም። እኔም አልተከላከልኩላትም፤ እንዲያውም ሐሜቱ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ወራት ሙሉ ቤቴ ውስጥ ጦርነት ሆነ። ልጅቷ ቀይ ጨርቅ እየቀደደች በነገር ሁሉ ግራ ጠርዝ ላይ አሰረችብን፤ በትሪው፣ በአልጋው፣ በበሩ መቃን። ቀዩን ሳላገኝ ምንም እንዳልጀምር አዘዘች። ባለቤቴ ደግሞ የምፈልገውን ሁሉ በግራዬ ታስቀምጣለች። ውሃ ስላት "በግራህ አለ" ትልና ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። እናቴ ልታቀብለኝ ብድግ ስትል "ይተዉት እማዬ" ትላታለች። ጉሮሮዬ ደርቆ አጠገቤ ያለ ብርጭቆ ስፈልግ፣ አንዷ እያለቀሰች አንዷ ጥርሷን ነክሳ ያዩኛል። አንድ ጠዋት የግራ ጫማዬን ደበቀችብኝ ብዬ እናቷን ጨምሬ ሰደብኳት። ጫማው እዚያው ከቀኙ ጋር ነበር። ያን ጊዜ ጠልቻት ነበር፤ ከልቤ ነው የጠላኋት።

የሚያናድደው፣ ሠራ። ጺሜ ሙሉ ተላጨ። በሩ ሰፋልኝ። ትሪዬን እኔው ራሴ ማዞር ጀመርኩ። ልጅቷ አስፓልት ዳር በርጩማ ላይ አስቀምጣ ከግራዬ የሚመጣውን ሁሉ ጮክ ብዬ እንድጠራ አደረገችኝ፤ "አይሱዙ፣ ጋሪ፣ ሴትዮ፣ አህያ" እያልኩ ስጮህ የሚያልፈው ሰው አበደ ብሎ ያማትባል። መጀመሪያ ላይ ብዙ ያልፈኝ ነበር፤ በኋላ አህያ እንኳ አያልፈኝም። እንዲያውም ከሰው በፊት የማየው እኔ ሆንኩ። እናቴ ሳይቀር የሽምብራዋን ሐኪም መመረቅ ጀመረች። እህሉ ታጭዶ ሜዳው ሲራቆት ልጅቷ "እንሞክር" አለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋፋት በኩል ሄድን። መኪናዋን ወደዚያ የነዳት የሚሠራባት ጓደኛዬ ነው፤ እኔ ብወድቅ የሚጠቀመው እሱ ስለሆነ መንገዱን ሁሉ ፊቱን ስመረምር ነበር። ልጄን ጎረቤት ቤት ትተናት ነው የወጣነው። እናቴ ነጭ ለብሳ መጣች። ተቀይመው የነበሩት ጎረቤቶችም መጡ፤ ሰው ሲነሳ ማየት የማይወድ የለም፣ ሰው ሲወድቅ ማየትም እንደዚያው። ልጅቷ ጆንያ ውስጥ ገለባ አስጠቅጥቃ በሰው ቁመት አቁማ ሜዳው ላይ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እያደረገች ደረደረች። በመኪናዋ የፊት መስተዋት ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ጨርቅ ለጠፈች። ጓደኛዬ ከጎኔ ተቀመጠ፣ እጁን የእጅ ፍሬኑ ላይ አድርጎ።

መሪውን ጨበጥኩ። ፍሪሲዮኑን ስለቅ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ በጭኔ በኩል ተሰማኝ፤ ልቅሶዬ መጣ፣ ለማንም አላሳየሁም። ቀዩን ፈለግኩ፣ መስኮቱን አየሁ፣ ስፖኪዮውን አየሁ፣ ሜዳውን አየሁ። በዚሁ ቅደም ተከተል እንደ ጸሎት እያነበነብኩ ቀስ ብዬ ዞርኩ። ጆንያዎቹን ሁሉ አገኘኋቸው። ደግሜ ዞርኩ፤ ደግሜ አገኘኋቸው። ወርጄ "አየሽ?" አልኳት።

"አየሁ" አለች። "ሚኒባስ ግን ለብቻ አይነዳም።"

ሰዎቹ ይሳፈሩ አለች። እንደ ተሳፋሪ አውሩ፣ ተጨቃጨቁ፣ ውጭ ያያችሁትን ነገር ግን እንዳትነግሩት ብላ አስጠነቀቀቻቸው። ሬዲዮ ከፈተች። ጆንያዎቹን ከቦታቸው አዟዙራ መጣችና ከኋላዬ ተቀመጠች። ባለቤቴ ከሁሉ መጨረሻ ገባች፤ የት ቆይታ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ተነሳሁ። አንዱ ጎረቤቴ "ሾፌር፣ ሐሙሲት ወራጅ አለ" አለ። ሌላዋ ጠቦኛል አለች። እናቴ ከኋላ ትመርቀኛለች፣ ሬዲዮው ይዘፍናል። ከታመምኩ ወዲህ የሞተው ነገር ሁሉ በአንዴ ነፍስ ዘራብኝ። "ካልተመቸሽ እግር አለሽ" አልኳት፤ መኪናው በሙሉ ሳቀ። ክላክስ ነካሁ። ሌላውን ሰደብኩት፣ እሱም መለሰልኝ፣ በቀኝ ትከሻዬ በኩል ወደ ኋላ ዞሬ ሳቅኩበት። ግራ ጎማው ከመቀመጫዬ ሥር ከፍ ብሎ ዝቅ አለ። ትልም መሰለኝ፤ ሜዳው ሁሉ ትልም ነው። በዚያች ቅጽበት ወሬው ቀጥ አለ። በአነዳዴ ተደንቀው ነው አልኩ በልቤ።

"ምነው ተሳፋሪ፣ ነዳጅ ጨረሳችሁ?" አልኳቸው። ማንም አልሳቀም። ዙሩን ጨርሼ መኪናዋን እንደ ጥንቱ አሳምሬ አቆምኳት። "ሐሙሲት ደርሰናል፣ ውረዱ" ብዬ በሩን ከፍቼ ወረድኩ።

የወረደ የለም። ጓደኛዬ እጁ ፍሬኑ ላይ እንደ ደረቀ ተቀምጧል። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። ከዚያ ባለቤቴ ወርዳ በመጣንበት ወደ ኋላ ሄደች፤ ቆይታ ተመለሰች። እንዳላጣት ብላ በቀኜ በኩል ዞራ ነው የመጣችው። በእጇ የልጃችንን የትምህርት ቤት ሹራብ ይዛለች፤ ሰማያዊው፣ ክርኑ ላይ የተጠገነው። አንዱን ጆንያ እሱን አልብሳው ኖሯል። ደረቱ ላይ የጎማው ጥርስ ከነአፈሩ ታትሞበታል። ክንዴ ላይ አደረገችው።

ልጅቷ ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ። ተቆጥታ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። "እኔ ገለባ ነው ያልኩት። ይህን አድርጊ ማን አለሽ?"

"ገለባ ብቻ ቢሆን እሱ መልስ ነበረው" አለች ባለቤቴ።

መልስ ፈለግኩ። ምላሴ ተጠርቶ ሳይመጣ የቀረው በዕድሜዬ ያን ጊዜ ነው። ሹራቡን አገላብጬ አየሁት፤ እጀታዎቹ ውስጥ ገለባ ቀርቷል። ልጅቷ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ለብቻ፣ ዝም ባለ ቦታ፣ ደህና እንደምነዳ፣ ሰውና ጫጫታ ሲመጣ ግን ጭንቅላቴ ግራውን እንደሚጥለው ነገረችኝ። ይህ በልምምድ ይሻሻል እንደሆነ ጠየቅኳት።

"ሰው ጭነው አይነዱም" አለችኝ።

"አልነዳም" አልኩ።

መኪናዋን ወደ ከተማ የመለሳት ጓደኛዬ ነው። እኔ ከኋላ፣ ከጎረቤቶቼ መሃል ተቀመጥኩ። እናቴ ልታጽናናኝ እጄን ያዘችኝ። ባለቤቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ነገር ለምን እንዳደረገች ጠይቄያት አላውቅም፤ እሷም ይቅርታ ጠይቃኝ አታውቅም። ብትጠይቀኝም አልቀበላትም ነበር፤ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አላደረገችም።

ልጄ ሌላ ሹራብ አልነበራትም። ባለቤቴ እቤት እንደገባን አጥባ አሰጣችው፤ ልጄ ለምን እንደታጠበ ስትጠይቃት ጭቃ ነክቶት ነው አለቻት። በእኛ ብርድ ወፍራም ሹራብ በአንድ ማታ አይደርቅም። ሰኞ ጠዋት እንደ ረጠበ ለብሳው ወጣች። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። አስፓልቱ ዳር ስትደርስ ቆመች፣ ግራና ቀኟን አየችና ተሻገረች።